ደርሶ መልስ ቁጥር

ካርድ ክፍል ስመደብ እንኳን ደስ አለህ ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠበቅኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀለም ፋብሪካ መጋዘን ስጠብቅ ኖሬ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ በአርባ ስድስት ዓመቴ ሆስፒታል ተቀጠርኩና የሰው ሕመም የተጻፈበትን ካርድ ከመደርደሪያ ማውረድና መመለስ ጀመርኩ። ሠራተኞቹ ሳምንት ሳይሞላኝ «መጋዘን» የሚል ስም አወጡልኝ። ድምፄ ትልቅ ነው፣ ሆዴም እንደዚያው። አልተቀየምኩም፤ ከዚህ የባሰ ስምም ወጥቶልኝ ያውቃል።

እኔ የጮኸ ይሰማል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ለዚህም ምስክሬ እናቴ ነበረች። ሆስፒታሉ ውስጥ ከመቀጠሬ በፊት ሦስት ዓመት እዚያው ስትታከም፣ የሌላው ሰው ካርድ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ሲፈለግ የእሷ በአንድ ደቂቃ ከች ይል ነበር። መጀመሪያ ባመጣኋት ቀን መስኮቱ ላይ ስለጮኽኩ ነው፣ ፈርተውኛል እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። እናቴ ካረፈች በኋላም ይህንን ወሬ አልተውኩም።

ካርድ ክፍሉን የምትመራው እትዬ ነበረች። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ከዋናው ሐኪም እስከ ዘበኛው ድረስ እትዬ ነው የሚላት። አጭር ናት፤ ከላይኛው ረድፍ ካርድ ለማውረድ የምትወጣበት ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል ከእጇ አይለይም። እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ትሰካና ስትፈልገው ክፍሉን ታምሳለች። ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቷ አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈችው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው።

በሦስተኛው ቀን ተጣላን። የዚያ ክፍል ሕግ ቁጥርን ከጀርባ ማንበብ ነው። የካርዱ ቁጥር 36127 ከሆነ 7 የተጻፈበት መደርደሪያ ትሄዳለህ፤ ከዚያ በ2 ረድፉን፣ በ1 ሣጥኑን ታገኛለህ። እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁሉን ነገር ከፊት ስቆጥር የኖርኩ ነኝ።

«እትዬ፣ ሰው በደህናው አገር ለምን ከጭራው ይጀምራል?» አልኳት።

«አዲስ ካርድ ሁሉ አሁን በ4 ነው የሚጀምረው። ከፊት ብትደረድረው አራተኛው መደርደሪያ ይፈነዳል፣ ሌላው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከኋላ ስትጀምር ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል።»

እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ አጉረመረምኩ። በዚያው ሳምንት ሰባት ካርድ ከፊት አንብቤ የማይሆን ቦታ ከተትኩ። እንዲህ የምሳሳተው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሥራ ሲበዛ ከየክፍሉ ካርድ የሚመልሱ ሠራተኞች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው፤ 36127ን በ7 ፈንታ 3 ላይ ይሰኩታል። በዚያ ክፍል ካርድ ጠፋ ማለት ሰውየው እንደ አዲስ ታመመ ማለት ነው። ሐኪሙ ፊት ይቀርባል፤ ምን መድኃኒት እንደማይስማማው፣ ባለፈው ምን እንደተደረገለት የሚናገር ወረቀት የለም። ዘመድ ያለው ዘመዱ ይጮህለታል። የሌለው ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የእትዬን ሌላ ጠባይ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ የሆነ ቁጥር ትወዳለች። «ደርሶ መልስ» ነው የምትለው። ልክፍቱ የጀመራት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላው ላይ ቁጥር በክር ይሰፋል፤ አንሶላው ሲገለበጥ ቁጥሩ ከጀርባ ተዛብቶ ይታያል። እንደ 181 ያለው ብቻ በየትኛውም በኩል ያው ነው። ሌሎቹ አንሶላ ሲያጥፉ እሷ እንደዚህ ያለውን ትለቅም ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ግን ወጣት ሐኪሞችን «ባለ አራት አኃዝ ደርሶ መልስ ጥሩልኝና ለአሥራ አንድ ካልተካፈለ ዛሬውኑ ሥራ ልልቀቅ» እያለች ታፋጥጣለች። እነሱም 7337 ይላሉ፣ 2002 ይላሉ፤ ይኸው ሥራ ሳትለቅ ቆየች።

ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲበሳጭባት ደግሞ ዕድሜውን ትጠይቃለች።

«ሃምሳ ሰባት።»

«ገልብጠህ ደምረው። ሃምሳ ሰባትና ሰባ አምስት፣ መቶ ሠላሳ ሁለት። እሱንም ገልብጠህ ደምር። ሦስት መቶ ስልሳ ሦስት! አየህ፣ በሁለት እርምጃ ደርሶ መልስ ሆንክ።»

ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይስቃል። አንድ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ግን ሃያ አራት እርምጃ ፈጀባት፤ ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ገብተው ሲወጡ እሷ ገና ትደምር ነበር። መቶ ዘጠና ስድስት የሚባለው ቁጥርማ ጭራሽ እምቢ እንዳላት ነው። ሁለት ደብተር ጨርሳበታለች። በትልልቅ ኮምፒዩተር የሞከሩ ሰዎችም እንዳላገኙት አንድ ሐኪም ነግሯታል።

«ታዲያ ምን ያለፋሻል?» አልኳት።

«አልመለስ አለ እንጂ አይመለስም ብሎ ያረጋገጠ የለም» አለችኝና እርሳሷን መፈለግ ጀመረች።

ሳልዋሽ ልናገር፤ በዓመቱ ልወዳት ጀምሬ ነበር። ግን መጋዘን ጠባቂነት ከሰው ቶሎ አይለቅም። አንድ ቀን የመዝገቡን ገጾች ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ቁጥር በተራ ይሰጣል፤ በቀን አሥር ያህል ይመጣሉ። 40303 የሰኞ ነው። 40305ም የሰኞ ነው። 40304 ግን የሐሙስ! ወደኋላ ሄድኩ። 40204ም ከሁለት ሳምንት በፊት እንደዚሁ ቀኑ ዘግይቷል። 40104ም፣ 40004ም። ቁጥር ታስቀምጣለች፤ ከቀናት በኋላ ለሆነ ሰው ትሰጣለች።

በእኔ ሙያ ከተራው የወጣ ዕቃ ሌባ አለው። እሷን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። መዝገቡን ታቅፌ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁና አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

አስተዳዳሪው ቀጭን፣ ማስመሪያ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። እትዬን አስጠርቶ ፊት ለፊቴ ጠየቃት።

«ቁጥር ታስቀምጪያለሽ?»

«አዎ። ደርሶ መልስ ሲሆን።»

«ለማን?»

«ለሚመጣ ሰው።»

«ስንቱ ይመጣል፤ ከመካከላቸው ለየትኛው?»

«እሱን እንኳ ሆድ ይፍጀው» አለች። ወደ እኔ አላየችም።

አስተዳዳሪው ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለጥቅም ካልሆነ ለምን እንደምትደብቅ አልገባውም፤ ለእኔም አልገባኝም ነበር። ጡረታዋ ሦስት ወር ቀርቶታል። እስከ ሰኞ በቂ ምክንያት ካላቀረበች «በአገልግሎት አድልዎ ፈጽማለች» የሚል ደብዳቤ ተጽፎላት እንደምትሰናበት ነገራት። እኔን ደግሞ የአምስት ዓመቱን እንደዚህ ያሉ ካርዶች በሙሉ አውጥቼ እንዳቀርብ አዘዘኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው በመጨረሻ ይዞት የሚሄደው ስሙን ነው፤ እሱን ነበር ያስነጠቅኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ብቻዬን መሰላሉ ላይ ወጣሁ። መዝገቡ መቶ ሃያ አምስት ቁጥር ሰጠኝ። መጀመሪያ የገረመኝ ሁሉንም ማግኘቴ ነው። በዚያ ክፍል መቶ ካርድ ብትፈልግ አራት አምስቱ ቦታቸው ላይ አይገኙም። ከእነዚህ ግን አንድም የጠፋ የለም። መሰላሉ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ከፊት ያነበበ ሰው 40304ን 4 ላይ፣ ዜሮ ላይ፣ 3 ላይ ይሰካዋል። ከኋላ ያነበበም 4 ላይ፣ ዜሮ ላይ፣ 3 ላይ። የቸኮለውም፣ ያልሠለጠነውም፣ እንደ እኔ ያለ ግትርም ቢሆን ቦታውን ሊስት አይችልም።

ከዚያ የካርዶቹን ሽፋን ማየት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ «ተጠሪ» የሚል ቦታ አለ፤ አንድ ነገር ቢደርስ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። የመጀመሪያው ካርድ የአንድ ዓይነ ስውር ነው። ተጠሪ፦ የለም። ሁለተኛው የአንዲት የቤት ሠራተኛ። ተጠሪ፦ የለም። ሦስተኛው ጎረቤት አምጥቶት የሄደ ሕፃን። የለም። ሃያውን አየሁ፣ ሃምሳውን አየሁ። የለም፣ የለም፣ የለም። ሁሉም በእትዬ ክብ ክብ ጽሕፈት። የሚጮህለት ሰው የሌለውን እየመረጠች የማይጠፋውን ቁጥር ትሰጠው ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሄድኩት እኔ ነኝ። ገና ግን አልጨረስኩም ነበር።

28582ን ሳነሳ የእናቴን ስም አነበብኩ።

ዕድሜ፦ 79። ተጠሪ፦ የለም።

ልጇ እኔ ነኝ! ያመጣኋት እኔ ነኝ! ካርዱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ የቁጥር መስመር አለ፦ 79፣ 176፣ 847፣ 1595፣ 7546፣ 14003፣ 44044።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ መጣልኝ። መጀመሪያ ሆስፒታል ባመጣኋት ቀን ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ በችኮላ ሳለብሳት አንድ እግሯን ጥቁር፣ አንድ እግሯን ቡናማ ጫማ አድርጌላታለሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ተራ ያዝ ሲለኝ ከእሱ ጋር ጭቅጭቅ ገጠምኩ። እናቴ ብቻዋን እየተጎተተች መስኮቱ ጋ ደረሰች። እኔ ዘበኛውን ጨርሼ ስመጣ ደግሞ መስኮቱን ደበደብኩ። «እናንተ ወረቀት እንጂ ሰው አታክሙም!» አልኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የነበረችውን ሴት ፊቷን እንኳ አላየሁትም። እናቴ ግን ካርዷን ይዛ ትስቅ ነበር። «ስድስት ጊዜ ተገልብጬ ደረስኩ» አለችኝ። ጭንቅላቷ መዛባት ጀመረ ብዬ እጇን ጎትቼ ወሰድኳት። ምን ማለትሽ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። እናቴ እስክትሞት አልጠየቅኳትም።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔን የሚያህል ሰው መሰላል ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ያየ አለመኖሩ ብቻ ነው የተረፈኝ።

እሑድ እትዬ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የመቶ ዘጠና ስድስት ደብተር። ደፍ ላይ ቆሜ ካርዱን አሳየኋት።

«አውቀሽኝ ነበር?»

«ሥራ በጀመርክ ቀን ድምፅህን ስሰማ ነው ያወቅኩህ። ግባ እንጂ።»

«ለምን ‹የለም› ብለሽ ጻፍሽ? ልጅ አልነበራትም?»

ወንበር ሳበችልኝ።

«‹ተጠሪ ማን ይጻፍ፣ እማማ?› አልኳቸው። ‹ልጅ አለኝ፣ ያውና የሚጮኸው› አሉኝ። ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ። ‹ሥራ ይበዛበታል፤ ስለ እኔ አትጥሩት› አሉ። እኔም እንዳሉት ጻፍኩ። ከዚያ ጫማቸውን አየሁና ያቆየሁትን ቁጥር ሰጠኋቸው።»

ውሃ ሆንኩ። ይቅርታ ልል ነበር የሄድኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

«አስተዳዳሪው ሲጠይቅሽ ይህንን ለምን አልነገርሽውም?»

«ምን ልበለው? ‹ሰው የሌላቸውን ሰዎች ዝርዝር ይኸው› ልበል? የሰው ጉድለት ቢሮ ለቢሮ አይዞርም፣ መጋዘኔ።»

ሰኞ ጠዋት መቶ ሃያ አምስቱን ካርድ በሁለት ሣጥን ተሸክሜ አስተዳዳሪው ፊት አስቀመጥኩ። ውስጣቸውን አልከፈትኩም፤ የተጠሪን መስመር ብቻ እንዲያይ ነገርኩት። አንድ በአንድ ሲያይ ማስመሪያውን ረሳው። በመጨረሻ የእናቴን ሰጠሁት።

«ይቺ ምን ሰጥታ ነው ያገኘችው?» አለ፤ ከልምድ።

«እሷ ምንም። እኔ ልጇ ግን ስድብ ሰጥቻለሁ» አልኩት። በሕይወቴ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም፤ እሱ ግን ሰማኝ።

ጽፎ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ቀደደው። ሆኖም አስተዳዳሪ ነውና ደንብ ጻፈ፦ ከእንግዲህ ቁጥር በተራው ብቻ ይሰጥ፣ ማንም ምንም እንዳያስቀምጥ። እትዬ ፈረመች። በቀጣዩ ሳምንት 40404 ሲደርስ መስኮቱ ላይ የቆመው አንድ ጥርሱን ያመመው፣ ሚስቱ ቦርሳውን፣ ወንድሙ ኮቱን፣ ሾፌሩ ጃንጥላውን የያዙለት ሰው ነበር። እትዬ ካርዱን ስትሰጠው ልጇን የምትድር እናት ነበር የምትመስለው። «አደራ፣ እንዳይጠፋ» አለችው። ሰውየው ግራ ገባው፤ እኔ መደርደሪያ ሥር ገብቼ ሳቄን ዋጥኩ።

ጡረታ የወጣች ቀን ዕድሜዋን ጠየቅኳት። «ስልሳ። ገልብጠህ ደምረው፤ ስልሳ ስድስት። በአንድ እርምጃ ደረስኩልህ» አለች። መሰላሉን አስረከበችኝ። ደብተሩን ግን ይዛው ሄደች።

ከዚያ መስኮቱ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ደንቡ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ከ40904 በኋላ መቶ ቆጥሬ ቀጣዩን ደርሶ መልስ ስጠብቅ 41004 ከች አለ። ገለበጥኩት፤ አይሆንም። ያኔ ነው እትዬ «መሃሉ ዘጠኝ ሲሆን መቶ አሥር ጠብቅ» ስትል የነበረው ትዝ ያለኝ። በማግስቱ 41014 መጣ። ካርዱን ማኅተም መርገጫው ሥር አስገባሁት። ዘጠኝ ቀን ቆየ። የመጣው ሁሉ ወይ ልጅ አለው፣ ወይ ጎረቤት አለው፣ ወይ ከእኔ የበለጠ ይጮኻል።

በአሥረኛው ቀን ተራ ከያዙት መካከል አንዲት አጭር ሴት አየሁ። ሌላው እየገፋ ሲያልፋት ዝም ትላለች፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ትራመዳለች። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትመጣ ነው እትዬ መሆኗ የገባኝ። ዓይኗ ደክሟል። የኋላውን በር ትታ እንደ ማንም ሰው ተሰልፋ ነው የመጣችው።

«ካርድ አለሽ?» አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ለሰው ሳወጣ ለራሴ አላወጣሁም።»

ማኅተም መርገጫውን አነሳሁ። ካርዱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አነበበችው፤ ከፊት፣ ከዚያም ከኋላ።

«መቶ አሥር ቆጠርክ?»

«መጀመሪያ በመቶ ተሸውጄ ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ደንቡስ? ለሌላ ሰው ብታቆየው አይሻልም? እኔ እንደሆንኩ ቦታውን አውቀዋለሁ።»

«አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ካርዱን የሚመልሱት አያውቁትም» አልኩና ብዕሬን አነሳሁ። ስሟን ጻፍኩ፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ፣ አድራሻዋን ሳልጠይቃት ጻፍኩ። «ተጠሪ?»

«የለም በል» አለች፤ ቶሎ ብላ፣ እኔን ላለማስቸገር።

የራሴን ስም ጻፍኩ። ስልኬን ጻፍኩ። ብዕሩ ረዘም አድርጎ ሲሄድ ሰምታ አንገቷን ወደ መስኮቱ አስገባች።

«ምንድነው የምትጽፈው? የለም አልኩህ እኮ።»

«አለ» አልኳት። «ሥራ የማይበዛበት ሰው ነው።»